የቁርጥ ሥራ ምሬትና በረከት



በካኩማ መጠለያ ጣቢያ ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን መካከል የእጅ ሙያ ያለን ብዙዎች ነን። ግንበኛ አለ፤ አናጢ አለ፤ ልብስ ሰፊ፣ ስልክ ጠጋኝና ፀጉር አስተካካይም አለ። አንዳንዶቻችን በድርጅቶች ውስጥ በማበረታቻ ክፍያ እንሠራለን። ሌሎቻችን ቀጣሪም አለቃም ሳይኖረን ሥራ እየተዋዋልን እንተዳደራለን። የዛሬው ትምህርት ለእነዚህ ለኋለኞቹ የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊዎቹ ሁለት ግንበኞችና አንድ አናጢ ስንሆን፣ የምናስተምረው ከመጽሐፍ ያገኘነውን ብቻ ሳይሆን ከስሕተታችን የተማርነውን ነው።

1. የቁርጥ ሥራ ምንድን ነው?

የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ለዋለበት ቀን ነው። ዝናብ ቢዘንብና ሥራው ቢጓተት የሚጎዳው አሠሪው ነው። በቁርጥ የሚሠራ ሰው ግን የሚከፈለው ለተጠናቀቀው ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጭን ሲተረጉም፣ ዋጋ ተቀብሎ በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የሚገባ ሰው መሆኑን ይገልጻል። የምንኖረው በኬንያ ስለሆነ ያ ሕግ እዚህ አይሠራም። ሆኖም «በራሱ ኃላፊነት» የሚለውን አሳብ ልብ እንበል። የዚህ ሥራ ምሬትም ሆነ በረከት የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

2. በእኛ ላይ የደረሰው

አንዲት እናት ምግብ ቤት ለመክፈት ፈልገው የጭቃ ጡብ መትተን ግድግዳውን እንድናቆምላቸው ጠየቁን። ቆርቆሮውንና እንጨቱን እሳቸው ሊያቀርቡ፣ የእኛ የእጅ ዋጋ 18,000 ሺሊንግ እንዲሆን በቃል ተስማማን። በ12 ቀን እንጨርሳለን ብለን ስለነበር ለእያንዳንዳችን በቀን 500 ሺሊንግ ይደርሰናል ብለን ተደሰትን።

በስድስተኛው ቀን ዝናብ መጣ። በካኩማ ዝናብ የሚጥለው አልፎ አልፎ ቢሆንም ሲመጣ ድንገት ነው፤ ደረቁ ወንዝ እንኳ በአንድ ሌሊት ይሞላል። ሳይደርቅ ደርድረነው የነበረው ጡብ ሟሟ። እንደገና መታን። ከዚያም እኚህ እናት መጥተው «ልጆቼ፣ እግረ መንገዳችሁን ለማድ ቤቱ አንዲት ግድግዳ ጨምሩልኝ» አሉን። የአገር ሰው፣ ያውም እናት ናቸውና ስለ ዋጋው መናገር አፍረን ሠራንላቸው።

ሥራው 20 ቀን ፈጀ። ለውሃ ማመላለሻ፣ ለሚስማርና ለመሣሪያ ኪራይ 2,400 ሺሊንግ ከኪሳችን አወጣን። የተረፈን 15,600 ሺሊንግ ለሦስት ሰውና ለ20 ቀን ሲካፈል በቀን 260 ሺሊንግ ሆነ። ለተጨማሪው ግድግዳ ዋጋ ስንጠይቅ «ተስማምተን የለም ወይ?» አሉን። እሳቸውም ገንዘቡን ያገኙት ከዕቁብ ስለነበር የሚጨምሩት አልነበራቸውም።

ከመካከላችን አንዱ በዱቤ የወሰደውን ዱቄት መክፈል ስላቃተው መላጊያውንና መጋዙን ሊሸጥ አወጣ። ቡድናችን ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀረው። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ። እነሱም ሁለቱንም ወገን ሰምተው ስለ ተጨማሪው ግድግዳ 1,800 ሺሊንግ እንዲከፈለን፣ በዝናብ የሟሟው ጡብ ግን የእኛ ጉዳት እንዲሆን ፈረዱ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ጡቡን ሸፍኖ ማሳደር የማን ድርሻ ነበር? የእኛ።

3. ዋጋ እንዴት ይተመናል?

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ አበው። ቁጥር ከመጥራታችን በፊት አሁን አራት ነገሮችን እናሰላለን።

ሀ. ጉልበት፦ ሦስት ሰው ለ12 ቀን 36 የሰው ቀን ነው። በ500 ሺሊንግ ሲባዛ 18,000 ይሆናል።

ለ. ወጪ፦ ውሃ፣ ሚስማር፣ ኪራይና ማጓጓዣ 2,400። ድምሩ 20,400።

ሐ. መጠባበቂያ፦ የድምሩ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 2,040። ለዝናብ፣ ለሕመምና ለተሰበረ መሣሪያ ነው። ታሞ የተኛን ቁርጥ ሠራተኛ የሚከፍለው ማንም የለምና ይህን ገንዘብ ትርፍ አድርገን አንቁጠረው።

መ. ጠቅላላ ዋጋ፦ 22,440 ሺሊንግ።

ደንበኛው «በዛ» ቢል ከዋጋው በፊት ሥራውን እንቀንስ። «ልስኑ ይቅር» ወይም «ውሃውን እርስዎ ያቅርቡ» ማለት ይቻላል። ሥራው ሳይቀነስ ዋጋው ብቻ ከተቀነሰ ልዩነቱን የምንከፍለው ከልጆቻችን ምግብ ላይ ነው። ለተቸገረ ወገን በነፃ መሥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድመን አስበንበት የምንሰጠው ስጦታ ይሁን እንጂ በእፍረት የምንገባበት ዕዳ አይሁን።

4. ውል እንዴት ይጻፋል?

የደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። በሁለት ቅጂ ይጻፍና ሁለቱም ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ከደንበኛው ጋር የጋራ ቋንቋ ከሌለን ሁለቱም የሚያምኑት አስተርጓሚ ያንብበው። የሚከተሉት ነገሮች አይዘንጉ፦

— የሥራው ልክ፦ ርዝመት፣ ቁመት፣ የበርና የመስኮት ብዛት
— ዕቃ የሚያቀርበውና የሚጠብቀው ማን እንደሆነ
— የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ዝናብ ቢመጣ የሚጨመረው ቀን
— ክፍያ፦ አንድ ሦስተኛ ቀብድ፣ አንድ ሦስተኛ ግድግዳው የበር ቁመት ሲደርስ፣ ቀሪው በርክክብ ዕለት
— «ከዚህ ውጭ የሚታዘዝ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋው ለብቻው ይጻፋል» የሚል ቃል

ክፍያው በኤም-ፔሳ ከሆነ መልእክቱን አናጥፋው። በእጅ ከሆነ በውሉ ጀርባ ላይ እየተጻፈ ይፈረም። ወረቀት መጠየቅ ሰውን መጠርጠር የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ እኛና እኚያን እናት ያጣላን ወረቀት አይደለም፤ የወረቀት አለመኖር ነው።

5. ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 18 በሕጋዊ መንገድ በአንድ አገር የሚገኝ ስደተኛ በእርሻ፣ በኢንዱስትሪ፣ በእጅ ጥበብና በንግድ በግሉ ስለሚሠራበት መብት ይናገራል። አገሩ ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ያነሰ አያያዝ ሊሰጠው እንደማይገባም ይደነግጋል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችውና በ2022 በሥራ ላይ በዋለው የስደተኞች ሕግ ስደተኞች በግልም ሆነ በቡድን ሥራ እንዲሠሩ ፈቅዳለች። ይህ ማለት ግን ያለ ፈቃድ ማለት አይደለም። ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት የሚከፍት ሰው ከቱርካና ካውንቲ የንግድ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከመጠለያው ራቅ ያለ ሥራ የሚቀበልም የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ይጠይቅ።

6. ታዲያ በረከቱ የት አለ?

ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው «ለምን ትደክማላችሁ?» ይለን ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። የፀሐዩን ኃይል ስለምናውቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መሣሪያችንን እናስቀምጣለን፤ ሰዓታችንን የምንወስነው እኛ ነን። ከእኛ ጋር ጭቃ በማቡካት የጀመረ አንድ ወጣት ዛሬ ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ ማዕዘን ያወጣል። በየመንገዱ ስናልፍ «ይህ በር የእኛ ነው» የምንለው ሥራ አለን። ብዙ ዓመት በሰልፍ ቆሞ ለሚቀበል ሰው፣ የራሱን ዋጋ ራሱ ተናግሮ ማስከበር ትንሽ ነገር አይደለም።

ያ ወንድማችንም መላጊያውንና መጋዙን አልሸጠም። ቀጣዩን ደንበኛ ያመጡልን እኚያው እናት ናቸው። «ሥራቸው ጥሩ ነው፤ ግን አስቀድማችሁ ጻፉ» ብለው ላኩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው የሠራችሁት ሥራ ወጪው ሲቀነስ በቀን ስንት አስገኘላችሁ? በወረቀት አስሉት።
2. ዘመድ ወይም ጎረቤት ተጨማሪ ሥራ ቢያዝዝ ሳታስቀይሙት ስለ ዋጋው እንዴት ትነግሩታላችሁ?
3. በእኛ ታሪክ ውስጥ ሽማግሌ ብትሆኑ ኖሮ እንዴት ትፈርዱ ነበር? ለምን?