ከአንድ ቦታ ሆኖ ማስተንተን፦ የጥላ ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



መድረሳ የቀራን ሁሉ የሶላት ወቅቶችን ምዕራፍ እናስታውሰዋለን። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከሰማይ መሃል ዘንበል ስትል ነው። ዐስር የሚገባው ደግሞ በእኩለ ቀን የነበረው ጥላ ሳይቆጠር፣ የአንድ ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሲያክል ነው። በዩኒቨርሲቲም የፀሐይን ማዕዘን እናሰላለን፤ ሶላር ፓኔል በስንት ዲግሪ መዘንበል እንዳለበት ፈተና ላይ እንጽፋለን። ነገር ግን ዛሬ በእኩለ ቀን ጥላው ወደ የት እንደወደቀ ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? ወቅቱን የሚነግረን ስልካችን ነው። ስልክ መጠቀም ነውር የለበትም፤ ሰሌዳው የሚሰላውም ከዚያችው ፀሐይ ነው። ጉዳቱ ምልክቱ በየቀኑ ከፊታችን እያለፈ ቀና ብለን አለማየታችን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ፉርቃን (25፡45-46) ጥላን እንዴት እንደዘረጋና ፀሐይን ምልክቱ እንዳደረጋት እንድንመለከት ይጠራናል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን (3፡190-191) ደግሞ በሰማያትና በምድር አፈጣጠር የሚያስተነትኑትን ያወድሳል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በአክስታቸው በመይሙና ቤት ባደሩበት ሌሊት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነስተው ወደ ሰማይ እየተመለከቱ እነዚህን አያዎች እንደቀሩ ነግረውናል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። መጀመሪያ አዩ፣ ከዚያም ቀሩ። ማየቱ ከመቅራቱ አልተነጠለም።

ለምን አንድ ቦታ?

ለውጥ የሚታየው ከማይለወጥ ነገር አንጻር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ መለኪያውን በየጊዜው ብናንቀሳቅሰው ንባቡ ዋጋ አይኖረውም። ማስተንተንም እንዲሁ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ያያል፤ የሚለወጠውን ግን ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሰማይ የሚታይበት፣ ሰው የማይበዛበት አንድ ቦታ ምረጡ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በእኩለ ቀን አካባቢ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ስልኩ ከሰዓት ማያነት ባለፈ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ምን እንይ?

1 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ። በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። ጥላው እያጠረ ይሄዳል፤ ከዚያ መርዘም ይጀምራል። ያ መታጠፊያ ኪታቡ ዘዋል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። ሰዓታችን የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን ከተማችን ያለችው ወደ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚቆጠር ዘዋል በአማካይ 6፡25 አካባቢ ይውላል፤ እንደ ወሩም ወደ 15 ደቂቃ ያህል ይቀድማል ወይም ይዘገያል።

አሁን ወራቱን አስተያዩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ የእንጨቱ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ሰሜን 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በነሐሴ መጨረሻ እንደገና ይጠፋል። ስለዚህ በሻፊዒይ መዝሀብ የዐስር ጥላ በታኅሣሥ 1 ሜትር ከ63፣ በሚያዝያ መጀመሪያ 1 ሜትር፣ በሰኔ 1 ሜትር ከ26 ነው። ኪታቡ «የእኩለ ቀኑ ጥላ ሳይቆጠር» ያለበት ምክንያት መሬት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ዘንድ ጥላው የቁመቱን እጥፍ ሲሆን ነው፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

ሌላም አለ። በየዓመቱ ግንቦት 20 ገደማ ከቀኑ 6፡18፣ ሐምሌ 9 ገደማ ደግሞ 6፡27 ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ ከእንጨቱ ጥላ ተቃራኒ ያለው አቅጣጫ ቂብላ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የሐምሌ ደመና ከከለከላችሁ ግንቦትን ጠብቁ።

ቀደምቶቻችን ይህን ሥራዬ ብለው ይዘውት ነበር። ኢብኑ ሻጢር በደማስቆ የኡመውያ መስጊድ የሶላት ወቅት ጠባቂ ነበሩ፤ በ1371 እ.ኤ.አ. ለመስጊዱ ሚናራ የፀሐይ ሰዓት ሠርተዋል። የሥነ ፈለክ ሊቅነታቸውና የመስጊድ አገልግሎታቸው አንድ ሥራ ነበር። እኛ ግን መድረሳውን በአንድ ኪስ፣ ዩኒቨርሲቲውን በሌላ ኪስ ይዘን እንዞራለን።

ጥላውን እየጠበቃችሁ ቀና በሉ። ጭላት ክንፏን ሳታራግብ ስትዞር ታያላችሁ። ከሞቀው መሬት ወደ ላይ የሚወጣው አየር ነው የሚያነሳት። ሱረቱል ሙልክ (67፡19) ከበላያችን ክንፍ ዘርግተው የሚበሩትን ወፎች እንድናይ ይጠይቀናል፤ የያዛቸውም አረሕማን እንደሆነ ያስታውሰናል። የአየሩን ምክንያት ማወቃችን ይህን አይቀንሰውም፤ አየሩንም ያሞቀው የእርሱ ሥርዓት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ አቀማመጥ የተደነገገ ሰዓትና ቁጥር ያለው የዒባዳ ሥርዓት አይደለም፤ እንደዚያ አድርገንም አንያዘው። የታዘዝነው ማየትንና ማስተንተንን ነው፤ ቦታና እንጨቱ መርጃ ብቻ ናቸው። ፀሐይንም በቀጥታ አትመልከቱ፤ ዓይን ይጎዳል፤ ጥላው ይበቃል።

ለሐለቃ ውይይት፦
1. ዛሬ በግቢያችን የእኩለ ቀን ጥላ ወደ የት ወደቀ? ስንት ሳንቲ ሜትር ሆነ?
2. እናንተ በለካችሁትና ስልኩ በሰጠው የዐስር ወቅት መካከል የስንት ደቂቃ ልዩነት አለ? ለምን?
3. ከምትማሩት ትምህርት ውስጥ በዓይናችሁ ሄዳችሁ ልታዩት የምትችሉት የአላህ ምልክት የትኛው ነው?

አላህ ከሚያዩና ከሚያስተነትኑ ባሮቹ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።