ለደሴት የሚላክ ፖስታ ከታች ወደ ላይ ይነበባል

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ቤት የሚጠየቀው በምልክት ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት እየተባለ። ለታክሲ ሹፌርም ለእንግዳም ይኸው ይበቃል፤ የጠፋበት ሰው ሱቅ ጠይቆ ወይም ስልክ ደውሎ ይደርሳል። ፖስታ ግን መንገድ አይጠይቅም። ባሕሬን ለምትሠራ እኅት የልደት ማስረጃ፣ ቆጵሮስ ለሚማር ልጅ ትራንስክሪፕት ሲላክ ችግሩ የሚጀምረው ይህን የሰፈር ልማድ ፖስታው ላይ ሲገለብጡ ነው። አድራሻ መታየት ያለበት ፖስታውን በየተራ ለሚቀበሉ እጆች እንደሚሰጥ ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱ እጅ የሚፈልገው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው እጅ የሚያነበው ደግሞ የመጨረሻውን መስመር ነው።

ቸርችል ጎዳና ባለው ዋና ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለየው ሠራተኛ የተቀባዩን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያየው የአገሩን ስም ነው። መዳረሻው አገር ሲደርስ የከተማው ስምና የፖስታ ኮዱ ይነበባል፤ የፖስታ ሣጥን ወይም የቤት ቁጥር የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ። ስለዚህ ሲጽፉ ከላይ ስም፣ ቀጥሎ የቤት ወይም የሣጥን ቁጥር፣ ቀጥሎ ከተማና ኮድ፣ ከታች ለብቻው በትልልቅ የላቲን ፊደላት የአገሩን ስም ያስፍሩ። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት የሚመክረውም ይህንኑ ነው፦ የላቲን ፊደል፣ የተለመዱት የ1፣ 2፣ 3 አኃዞች፣ የተቀባዩ አድራሻ በፖስታው ፊት በቀኝ በኩል፣ የከተማና የአገር ስም በትልልቅ ፊደላት። በአማርኛ መጻፍ ክልክል አይደለም፤ ግን የአማርኛው ጽሑፍ ከላቲኑ ጋር ተጨማሪ ይሁን እንጂ ብቻውን አይቁም። ከአገሩ ስም በታች ምንም አይጻፍ፤ ስልክ ቁጥርም ቢሆን።

ይህ ሥርዓት ለየትኛውም አገር ይሠራል፤ ደሴት ላይ ግን ስሕተቱ ይከብዳል። ለምን? ትልቅ አገር የተሳሳተ ፖስታ በማግስቱ በረራ ሊመለስ ይችላል። ትሪስታን ዳ ኩኛ የምትባለው የደቡብ አትላንቲክ ደሴት ግን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ፖስታዋ ከኬፕታውን በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚነሣ መርከብ ነው የሚሄደው፤ መርከቡ ያመለጠው ደብዳቤ ወራት ይጠብቃል። የመንደሯ ስም ኤድንብራ ስለሆነ በስሕተት ወደ ስኮትላንዷ ኤድንብራ የሚላክባት ፖስታ በመብዛቱ በአውሮፓ አቆጣጠር 2005 የራሷ የፖስታ ኮድ ተሰጣት። ሌላዋ የደቡብ አትላንቲክ ደሴት ሴንት ሄሌናም ፖስታዋ ሴንት ሄለንስ ወደሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ሲሄድባት ኖሯል፤ ኤስቲኤችኤል 1ዜድዜድ የሚለው ኮዷ ዛሬ ሁለቱን ይለያቸዋል። የካሪቢያኗ ዶሚኒካ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር ትምታታለች፤ በሙሉ ስሟ፣ የዶሚኒካ ኮመንዌልዝ ተብሎ ካልተጻፈ ደብዳቤው እስፓኒሽ ወደሚነገርበት አገር ሊሄድ ይችላል። ቪክቶሪያ የሲሼልስ ዋና ከተማ ናት፤ የማልታዋ የጎዞ ደሴት ከተማም ቪክቶሪያ ትባላለች፤ ካናዳም ደሴት ላይ ቪክቶሪያ አላት። ሳን ደኒ ደግሞ በፓሪስ አጠገብ 93200፣ በህንድ ውቅያኖሷ ሬዩንዮን 97400 ነው፤ የሁለቱም የመጨረሻ መስመር ፈረንሳይ ሊሆን ስለሚችል የሚለያቸው ኮዱ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሰሜን ቆጵሮስ ጉዳይ ነው። ደሴቲቱ ከ1974 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ተከፍላለች፤ የሰሜኑ ፖስታ የሚያልፈው በቱርክ በኩል ነው። ስለዚህ በሰሜን በኩል ላለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲላክ ከከተማው ስም በታች መርሲን 10፣ ከዚያም ቱርክ ተብሎ ይጻፋል። ካርታ ላይ ቆጵሮስን አይቶ ቆጵሮስ ብሎ የሚጽፍ ሰው በጂኦግራፊ አልተሳሳተም፤ ደብዳቤው ግን ወደ ደቡቡ ፖስታ አስተዳደር ይሄዳል። የአገሩን መስመር የሚወስነው የፖስታው መንገድ እንጂ ካርታው አይደለም፤ ሌላ ማስረጃ ባይኖር ይህ አንዱ ይበቃ ነበር።

ታዲያ ትክክለኛው አድራሻ ከየት ይገኛል? ከመገመት ይልቅ ተቀባዩን መጠየቅ ነው። ከዚህ በፊት ደርሶት የሚያውቅ ፖስታ ወይም የመብራት ሒሳብ ካለው ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይላክና ፊደሉ ሳይቀየር ይገልበጥ። ባሕሬን ላይ ለምሳሌ የአፓርታማ፣ የሕንፃ፣ የመንገድና የብሎክ ቁጥር ይጠየቃል፤ የፖስታ ኮዱ ያው የብሎክ ቁጥሩ ነው፤ አንዱ ከጎደለ መንገዱ ብቻውን አይበቃም። በሰው ቤት ለምትሠራ እኅት ሲሆን ሣጥኑ ወይም ቤቱ የአሠሪዋ ነው፤ የእሷ ስም ብቻውን ከተጻፈ አድራሹ ላያውቃት ይችላል። ከስሟ ቀጥሎ በአሠሪው በኩል መሆኑ ይጻፍ፤ ይህ ግን ፖስታው በአሠሪው እጅ ያልፋል ማለት ስለሆነ አስቀድሞ እሷን ማስፈቀድ ይገባል። ስሟ ፓስፖርቷ ላይ ባለው አጻጻፍ ይስፈር። ወይዘሮ፣ አቶ የሚሉትን በላቲን ፊደል አሳጥሮ መጨመር አክብሮት ቢሆንም፣ እዚያ ላለ ሰው የስም ክፍል ይመስላል፤ ይቅር።

ዝርዝር ቢበዛ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። የሰፈር አጠራራችንን እንውሰድ። የላኪው አድራሻ ላይ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ብሎ በላቲን የጻፈ ሰው ለእኛ ሰፈሩን ነገረን፤ ለውጭ አገር ሠራተኛ ግን 18 የቤት ቁጥር፣ ማዞሪያ የመንገድ ስም ይመስለዋል። ያልደረሰ ፖስታ የሚመለሰው በዚህ አድራሻ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ፖስታ በዋነኛነት የሚደርሰው በሣጥን ቁጥር ነው። ስለዚህ በፖስታው ፊት በግራ ጫፍ ከላይ፣ አነስ ባለ ጽሕፈት፣ ስም፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ ይጻፉ። የራሱ ሣጥን የሌለው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የዘመዱን አስፈቅዶ በእነርሱ በኩል ብሎ ይጻፍ። 18 ማዞሪያን መተው ሰፈርን መካድ አይደለም፤ ፖስታውን የሚመልሰው ሣጥኑ ስለሆነ ነው። የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ በእኩል መጠን መሀል ላይ ከተደረደሩ ደግሞ ፖስታው ወደ ላኪው ሊዞር ይችላል።

ዕቃ ከሆነ አንድ ተጨማሪ አንባቢ አለ፤ ጉምሩክ። ሲኤን 22 ወይም፣ ዋጋው ከፍ ካለ፣ ሲኤን 23 የሚባለውን ቅጽ ሲሞሉ ስጦታ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የጥጥ ነጠላ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱ፣ ዋጋው ተብሎ ይዘርዘር። ደሴቶች በተባይና በበሽታ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው፤ ሴንት ሄሌና ንቦቿን ለመጠበቅ ማር እንዳይገባ ትከለክላለች። በርበሬና ሽሮ ከመላክዎ በፊት የዚያን ደሴት ደንብ ያስጠይቁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ የግል ፈጣን መልእክት አለ አይደለም ወይ ለሚል፦ አለ፤ ዋጋው ግን ከአደራ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ በአብዛኛውም ለፖስታ ሣጥን አያደርስም፤ ትክክለኛ የቤት አድራሻና ስልክ ይፈልጋል። አድራሻ የመጻፍን ሥራ አያስቀርም ማለት ነው። በስልክ ፎቶ መላክም ማኅተም ያረፈበትን ዋናውን ወረቀት የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ዘንድ ዋጋ የለውም። ለሰነድ አደራ ደብዳቤ ይምረጡ፤ የሚሰጥዎት ቁጥር 13 ምልክት አለው፤ በሁለት ፊደል ይጀምራል፣ ዘጠኝ አኃዝ ይከተላል፣ ኢቲ በሚሉ የላቲን ፊደላት ያበቃል። ቁጥሩን ለተቀባዩም ይላኩለት። ፖስታው ከቀረ ማመልከት የሚቻለው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ እስከ ስድስት ወር ነው፤ ደረሰኙን እስከዚያ አይጣሉት።