የፖስታ ቤቱ ሹም ድምፅ፦ ኦሬጎን፣ 1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)

በአሜሪካ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ወኪል መራጮችን ይሰይማል፤ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የፌዴራል ሹመት የያዘ ሰው ወኪል መራጭ እንዳይሆን ይከለክላል። ትምህርታችን የሚያርፈው በዚህች ክልከላ ላይ ነው።

በኅዳሩ ምርጫ ዲሞክራቱ ቲልደን ያላከራከሩ 184 የወኪል ድምፆች ይዞ ነበር። አንድ ብቻ ጎደለው። ኦሬጎን ሦስት ወኪሎች ነበሯት፤ ሪፐብሊካኑ ሄይስም ከአንድ ሺህ በላይ በሆነ ብልጫ አሸንፎባታል፤ ይህን የካደ የለም። ነገር ግን ከሦስቱ ሪፐብሊካን ወኪሎች አንዱ፣ ጆን ዋትስ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ይህም የፌዴራል ሹመት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ያሸነፈው ሰው ብቁ ካልሆነ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል ወይስ ባዶ ይቀራል? ዲሞክራቱ አገረ ገዢ ግሮቨር ለተከታዩ ነው ብሎ ክሮኒን ለሚባል ዲሞክራት ማረጋገጫ ጻፈለት። አብዛኞቹ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ግን ባዶ ይቀራል ይሉ ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ለዋትስ ድምፅ የሰጠ ሰው ክሮኒንን አልመረጠም።

ታኅሣሥ 6 በሴለም የሆነው ግን ያስቃል። ሪፐብሊካኖቹ ኦዴልና ካርትራይት ከክሮኒን ጋር አንሠራም አሉ። የኦሬጎን ሕግ የተገኙት ወኪሎች የጎደለውን ይሙሉ ስለሚል፣ ክሮኒን ብቻውን ሁለት ሰዎች ሾመ። ሁለቱም ለሄይስ፣ እሱ ለቲልደን ድምፅ ሰጡ፤ የጎደለችው አንዷ ብቻ ነበረችና። እነ ኦዴልም በበኩላቸው የፖስታ ቤት ሹመቱን የለቀቀውን የዋትስን የወኪልነት መልቀቂያ ተቀብለው፣ ክፍት በሆነው ቦታ መልሰው ራሱን ሾሙት። ሦስቱም ለሄይስ መረጡ።

ሁለቱም መዝገብ ዋሽንግተን ደረሰ። ኮንግረስ ያቋቋመው የአሥራ አምስት ሰዎች ኮሚሽን የክሮኒንን መዝገብ በሙሉ ድምፅ ጣለው። ክርክሩ የቀረው በዋትስ ላይ ነው። የ1845ቱ የፌዴራል ሕግ ሁለት ነገር ይለይ ነበር፦ የተመረጠ ሰው ሲጎድል በክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ጓደኞቹ ይተኩታል፤ ምርጫው ከነአካቴው ካልሰመረ ግን መላ የሚፈልገው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነው። ዋትስ በምርጫው ዕለት ብቁ ካልነበረ ተመርጦ ጎደለ እንላለን ወይስ ፈጽሞ አልተመረጠም? ብዙኃኑ ቦታው ክፍት ነበር፣ ዋትስም ዳግም ሲሾም የፖስታ ቤት ሹመቱን ለቆ ነበር ብለው ድምፁን አጸኑ፤ 8 ለ7። ሄይስም በ185 ለ184 ፕሬዚዳንት ሆነ።