አንደበቱ የማይታዘዝለት ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይናገር?

አንደበት የልብ መልእክተኛ ነው፤ ነገር ግን ልቡ እያወቀ አንደበቱ የማይታዘዝለት ልጅ በየአገሩ ይገኛል። ለእንደዚህ ያለው ልጅ የዘመኑ ጥበብ የሚናገር መሣሪያ አዘጋጅቶለታል፤ ልጁ ሥዕሉን በጣቱ ሲነካ መሣሪያው ቃሉን በድምፅ ያሰማለታል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚናገረው በተሰጠው ቋንቋ ብቻ ስለ ሆነ፤ ቋንቋውን መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ነገር ከገንደ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮኪት ምሳሌ ትሆናለች። በመተማ ቈላ አማርኛ፥ የጉሙዝ ቋንቋና የሱዳን ዐረብኛ ይሰማሉ። እናቱ በጉሙዝ ቋንቋ ያሳደገችው ልጅ በትምህርት ቤት አማርኛ፥ በገበያ ዐረብኛ ቢሰማ፤ ሦስቱንም በጆሮው ሊለይ ይችላል። መሣሪያው አማርኛ ብቻ ቢናገርለት ግን፤ ለመምህሩ «ውሃ ጠማኝ» ይላል እንጂ፤ ማታ አማርኛ ለማታውቅ አያቱ «ሆዴን አመመኝ» ማለት አይችልም። በትምህርት ቤት ያገኘውን አንደበት በቤቱ ያጣዋል ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ላለው ልጅ ሁለት ቋንቋ ሸክም ይሆንበታል» ይላሉ። ምርመራው ግን ይህን አያጸናም። በ2005 እ.ኤ.አ. የካናዳ መርማሪዎች ያወጡት ጥናት፤ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ባለ ሁለት ቋንቋ ልጆች፥ አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት መሰሎቻቸው በእንግሊዝኛ እንዳላነሱ አሳይቷል። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፤ ሰው በመረጠው የመግባቢያ ዘዴ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል።

መሣሪያው ባይገኝ ካርቶን ይበቃል። በ1971 እ.ኤ.አ. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ፤ ቻርልስ ብሊስ የፈጠራቸው ምልክቶች በሰሌዳ ላይ ተደርገው መናገር ለተሳናቸው ልጆች ተሰጡ፤ ልጆቹም እያመለከቱ ሐሳባቸውን ገለጹ። ብሊስ ምልክቶቹን ያሰበው ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች እንዲግባቡባቸው ነበር።

ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ በልጁ ቤት ማን በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ይጠይቅ። ቀጥሎም በሰሌዳው ላይ ሥዕል አድርጎ፤ ከሥሩ የአማርኛውንና የቤቱን ቃል ይጻፍ፤ የቤቱን ቃል የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ከተገኘ ማንኛውንም ቋንቋ ስለሚቀበል፤ የቤቱን ቃል ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ አፍ ይቅዳለት። ቃላቱም «ውሃ» እና «እንጀራ» ብቻ አይሁኑ፤ «አልፈልግም»፥ «ፈራሁ»፥ «እንጫወት» የሚሉትም ይጨመሩ፤ መለመን ብቻ የሚችል ልጅ ገና አልተናገረምና።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ለልጁ ይተውለት፤ ለአያቱ በየትኛው፥ ለመምህሩም በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚገባው እርሱ ራሱ ያውቃል።