ሦስት ቅጠል ሁሉ ነጭ ክሎቨር አይደለም

በመስከረም ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ከገብሱ ማሳ ዳር፣ ውሃ በሚተኛበት ጨፌ ላይ፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት፣ አበባዋ ወይን ጠጅ ወይም ነጣ ያለ ትንሽ ተክል ማየቱ አይቀርም። ገበሬውን ብትጠይቁት «ማገጥ ናት» ይላችኋል። ፎቶ አንስታችሁ የስልክ መተግበሪያ ብትጠይቁ ደግሞ «ነጭ ክሎቨር» ሊላችሁ ይችላል። ታዲያ የትኛውን እንጻፍ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁላችንንም የዕፅዋት ተመራማሪ ማድረግ አይደለም። ስለ ግጦሽ፣ ስለ መኖ ወይም ስለ ማር ዜና ስንሠራ ተክሉን በትክክለኛ ስሙ እንድንጠራው ነው። የሰው ስም ስንሳሳት በማግስቱ እርማት እናወጣለን፤ የተክል ስም ስንሳሳት ግን ማንም ደውሎ አይቆጣንም፣ ስህተቱም እንደተጻፈ ይቀራል።

ማገጥ የአንድ ተክል ስም ሳይሆን የወገን ስም ነው (ከ«ማጌጥ» ጋር እንዳናምታታው!)። ሳይንሱ ወገኑን ትሪፎሊየም ይለዋል፤ በላቲን «ሦስት ቅጠል» ማለት ነው። ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ይዛመዳል፤ ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ስበው መሬቱን ያዳብራሉ። በዓለም ላይ ከ200 በላይ ዓይነት ሲኖር፣ በአገራችን ከ20 የሚበልጡ አሉ፤ ከእነዚህም በርከት ያሉት ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። ነጭ ክሎቨር ግን በትውልዱ የእኛ አይደለም። አገሩ አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪካና የእስያ ምዕራባዊና መካከለኛ ክፍል ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የሄደው በመኖነትና በሣር ሜዳ ዘርነት ነው።

እሱን ለመለየት ከአበባው ቀለም አትጀምሩ፤ ነጭ አበባ ያላቸው ብዙ ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እዩ። የነጭ ክሎቨር ግንድ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ቅጠሉም አበባውም ከዚያ ከሚሳበው ግንድ በየራሳቸው ረዥም ዘንግ ይወጣሉ፤ የአበባው ዘንግ ላይ አንድም ቅጠል የለም። ተክሉ ጸጉር የለውም፣ በእጅ ሲዳሰስ ልሙጥ ነው። ቅጠሉ ላይ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ የቀስት ምልክት አለ፤ ምልክቱ ግን አንዳንዴ ይጠፋል፣ በሌሎችም ክሎቨሮች ላይ ይታያል፣ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትፍረዱ። እንደ ኳስ የተሰበሰቡት ትንንሽ አበቦች ንብ ከጎበኘቻቸው በኋላ ከታች ጀምረው ይጠወልጉና ቡናማ ሆነው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ።

ቀይ ክሎቨር ቀና ብሎ ይበቅላል፣ ጸጉራም ነው፣ ከአበባው ሥር ወዲያው ቅጠል ተለጥፎ ይገኛል። አልሳይክ የሚባለው ነጭና ሮዝ ቀላቅሎ ያብባል፤ እሱም ቀና ይላል እንጂ በየአንጓው ሥር አይሰድም፣ ቅጠሉም የቀስት ምልክት የለውም። አበባዋ ቢጫ ሆኖ፣ ፍሬዋ የተጠማዘዘና እሾሃም፣ ከበግ ጸጉር ጋር የምትጣበቀዋ ደግሞ ጭራሽ ክሎቨር አይደለችም፤ የአልፋልፋ ዘመድ ናት። ቅጠሏ የልብ ቅርጽ ያለውና ስትታኘክ የምትጎመዝዘዋም እንዲሁ ባዳ ናት።

ዋናው ጉዳይ ከራሳችን ማገጦች ጋር ነው። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ወይን ጠጅ አበባ ያላቸው ናቸው፤ ብዙዎቹም የአንድ ክረምት ተክል ናቸው፣ ዘራቸውን ጥለው ይደርቃሉ። ከመካከላቸው አንዷ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ከአካባቢያችን ነው፤ ትሪፎሊየም ሲሜንሴ ትባላለች፣ የሰሜኗ ማለት ነው። ቅጠሏ ጠበብና ረዘም ይላል። ትሪፎሊየም ሩፔሊያኑም ደግሞ በጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል የተሰየመች ናት፤ ሰውየው በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ተራሮችና በጎንደር አልፏል። የእኛ ገበሬ ስንት ዘመን ሲያበላት ለኖረች ተክል የስሙ ባለቤት መንገደኛው መሆኑ ትንሽ ያስገርማል።

ከሁሉም በላይ የምታሳስተው ትሪፎሊየም ሴሚፒሎሱም ናት። በኢትዮጵያ ደጋዎችም ትበቅላለች፣ ዓለም የሚያውቃት ግን «የኬንያ ነጭ ክሎቨር» በሚል ነው። ትሳባለች፣ አንጓዋ ሥር ይሰዳል፣ አበባዋ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ነው፣ የቀስቱም ምልክት አላት። እንግዲህ በምን እንለያት? በጸጉሯ! የላቲን ስሟ ራሱ «ግማሽ ጸጉራም» ማለት ነው፤ ቅጠሏን ገልብጣችሁ ብታዩ ግማሽ ጎኑ ጸጉር አለው፣ ግማሹ ልሙጥ ነው።

ይህ ልዩነት የስም ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክሎቨር ናይትሮጅን የሚሰበስበው የሚስማማውን ባክቴሪያ ሲያገኝ ነው፤ ለአውሮፓው ነጭ ክሎቨር የተዘጋጀው ባክቴሪያ ለአፍሪካዎቹ በአብዛኛው አይሠራም። ስለዚህ ዘሩ በስህተት ስም ከተጠራ ገበሬው ዘርቶ ቢጫ የሆነ ደካማ መኖ ሊያገኝ ይችላል። «አዲስ የውጭ መኖ መጣ» ብለን በጻፍን ቁጥር ደግሞ ደጃችን ላይ ያለውን እንረሳለን። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ማዕከል (በኋላ ኢልሪ ውስጥ የተጠቃለለው ኢልካ) በ1980ዎቹ አገር በቀል ማገጦችን ሰብስቦ በመኖነት ያጠናው ጥቅማቸውን አይቶ ነው። ማር አምራቾቻችንም ከአደይ አበባ ጋር ንቦቻቸውን የምትመግብ መሆኗን ያውቃሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፤ በዜና ላይ «ምርጥ መኖ» ብለን ብቻ አንለፍ። ጤዛ ያረፈበትን ለምለም ክሎቨር በባዶ ሆዱ የበላ ከብት ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አስቀድሞ ድርቆሽ ወይም ገለባ ማብላት አደጋውን ይቀንሰዋል።

ለመስክ ሥራ ስትወጡ ታዲያ ከአበባው ፎቶ በተጨማሪ ሦስት ነገር አንሱ፤ ግንዱ መሬት የሚነካበትን፣ የቅጠሉን ጀርባና ከአበባው ሥር ያለውን ዘንግ። ገበሬውንም «በጋ ላይ ትቆያለች ወይስ ከክረምቱ ጋር ትሄዳለች?» ብላችሁ ጠይቁት። «ትሄዳለች» ካላችሁ ነጭ ክሎቨር የመሆን ዕድሏ ትንሽ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ማገጥ» ብላችሁ ጻፉ።