የቀዶ ሕክምና ምርምር በክፍለ ዓለማት ሲመዘን፦ ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

አንድ ክፍለ ዓለም በቀዶ ሕክምና ምርምር እያደገ ነው ወይስ ወደ ኋላ እየቀረ? ይህን ለማወቅ በየዓመቱ የታተሙትን ጥናቶች መቁጠር የሚበቃ ይመስላል። ሆኖም ቆጠራ ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥንቃቄዎችን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ብዛትንና ድርሻን እንለይ። አንድ ክፍለ ዓለም በአንድ ዓመት 100፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ 200 ጥናቶች አሳተመ እንበል። ብዛቱ በእጥፍ አድጓል። በዚያው ጊዜ የዓለም ጠቅላላ ቁጥር ከ1,000 ወደ 4,000 ደርሶ ከሆነ ግን የክፍለ ዓለሙ ድርሻ ከ10 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ሁለቱም አኃዞች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አካፋዩን ይመለከታል። የጥናቶቹን ቁጥር ለሕዝብ ብዛት ወይም ለቀዶ ሐኪሞች ቁጥር ስናካፍለው የክፍለ ዓለማቱ ደረጃ ሊለዋወጥ ይችላል። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገለጸው፣ በዓለም በየዓመቱ ከሚከናወኑት 313 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ሕክምናዎች ውስጥ ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚኖርባቸው እጅግ ድሆች አገሮች የሚያገኙት 6 በመቶውን ብቻ ነው። ሕክምናው ባነሰበት ቦታ ለጥናት የሚሆነውም መረጃ ያንሳል።

ሦስተኛው የቆጠራው ደንብ ነው። የለንደንና የኪጋሊ ተመራማሪዎች በጋራ የጻፉት ጥናት ለማን ይመዝገብ? ለመጀመሪያው ጸሐፊ አገር ብቻ ነው ወይስ ለሁለቱም? በአገር ውስጥ መጽሔት የወጣ ጥናትስ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ካልገባ እንዳልታተመ መቆጠሩ አይደለምን?

ጉዳዩ የክብር ፉክክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በ25 የአፍሪካ አገሮች ከ11,000 በላይ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ታካሚዎቹ በዕድሜ ወጣቶችና ለአደጋ እምብዛም ያልተጋለጡ ቢሆኑም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት 2.1 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ከዓለም አማካይ በእጥፍ ይበልጣል። አብዛኞቹ የሞቱት ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ዕለት በኋላ ነው። ይህን ሐቅ ከአውሮፓ ሆስፒታሎች መዝገብ ማግኘት አይቻልም ነበር።

መፍትሔውም ችግሩ ካለበት ስፍራ ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤኒንን፣ ጋናንና ሩዋንዳን ጨምሮ በሰባት አገሮች የተካሄደ ሙከራ፣ የሆድ ቁስል ከመሰፋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ መለወጥ ብቻ የቁስል ማመርቀዝን ከ18.9 ወደ 16.0 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

እንግዲህ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሲያጋጥመን፣ ምን ተቆጠረ፣ በምን ተካፈለ፣ ማንስ ሳይቆጠር ቀረ ብለን እንጠይቅ።