የተጣለ የውሃ ሞተርና ጀነሬተር፦ መርጦ መግዛትና በቤት ማስነሳት



መብራት ሲጠፋ ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት በየሱቁ በር የሚጮኸው ትንሽ ጀነሬተር አንድ ቀን አልነሳ ሲል ጥግ ይጣላል። ከወራት በኋላ ለቆራሌ ይሸጣል፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። በቦሌ ቡልቡላ አትክልት የሚያለሙ ወይም በለሚ ኩራ ላም የሚያረቡ ከሆነ እንዲህ ያለ ዕቃ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርም ጭምር፣ በርካሽ ሊያገኙ ይችላሉ። ነገር ግን የማይድን ሞተር ገዝተው ሲታገሉ ችግኙ ይደርቃል። ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ነው።

ሻጩ ፊት የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብለው ይሳቡ። አንድ ቦታ ላይ ጠንከር ብሎ ሊይዝዎት ይገባል፤ ይህ ሲሊንደሩ አየር እንደሚያምቅ ያሳያል። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ቫልቩ አይዘጋም ወይም የፒስተኑ ቀለበት አልቋል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ፒስተኑ ተጣብቋል። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፍተው ይመልከቱ። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካዩ ግን ይተዉት፤ ውስጡ ተፋፍቋል። የዘይት ክዳን የሌለው ትንሹ ጀነሬተር ባለሁለት ምት ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ በዚህ መንገድ አይፈተሽም።

ገመዱ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ አሮጌ ቤንዚን ነው። ለወራት የቆመ ቤንዚን ሙጫ የመሰለ ነገር ትቶ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ደጅ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው፣ አሮጌውን ነዳጅ ያፍስሱ። ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ብሎን ፈተው ጽዋውን ያውርዱ። መሃል ላይ ያለችውን የነሐስ ቀዳዳ በካቻቪቴ አውጥተው ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩ፤ ብርሃን ካልታየ ተደፍኗል። ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ይጥረጉት። መርፌ አይጠቀሙ! ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል። አየር የሚነፋ ጎሚስታ ቅርብ ከሆነ ክፍሎቹን ወስዶ ማስነፋት ይበልጥ ይረዳል።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈተው በብሩሽ ያጽዱ። ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የተፋሰሰው ነዳጅ ተነስቶ ከደረቀ በኋላ ካንዴላውን ከኮፍያው ጋር አያይዘው፣ አካሉን ከሞተሩ ብረት አስነክተው፣ ማብሪያውን ከፍተው ገመዱን ይሳቡ። ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ካልታየ ጥቅልሉን (ኮይሉን) ከመግዛትዎ በፊት ዘይቱን ይዩ። ብዙዎቹ ባለአራት ምት ሞተሮች ዘይት ሲያንስ ብልጭታውን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ በዘይት ማነስ ብቻ «ሞቷል» ተብሎ የተሸጠ ጀነሬተር ጥቂት አይደለም። ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት ሞተር ወደ 0.6 ሊትር ዘይት ይይዛል፤ በተስተካከለ መሬት ላይ አቁመው ይሙሉት።

ከተነሳ በኋላ ጉልበቱ ቢያንስ አይደንግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። መሳቢያውም እንዲሁ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃን ከታች መምጠጥ የሚችለው በተግባር እስከ 5 ወይም 6 ሜትር ነው። ስለዚህ ሞተሩን ማሳው ዳር ሳይሆን ውሃው አጠገብ ያስቀምጡ፤ መግፋት ከመምጠጥ ይቀለዋል። ከማስነሳትዎ በፊት ፓምፑን ውሃ ይሙሉት፤ ደረቁን ከሠራ የውሃ መከላከያ ላስቲኩ ይቃጠላል።

ጀነሬተሩን በረት፣ በኩሽና ወይም በዕቃ ቤት ውስጥ በፍጹም አያስነሱ። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ በተዘጋ ቤት ሰውን የሚገድለው የከሰል ጭስ ራሱ ነው፤ ሽታ የለውም። በር መክፈት ብቻ አይበቃም። መስመሩንም ከቤት ሶኬት ጋር አያገናኙ፤ 220 ቮልቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለ ሠራተኛን ሊገድል ይችላል። መቀያየሪያ ማብሪያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙ። ማመንጫው ራሱ መብራት ካልሰጠም ለባለሙያ ይተዉት።

ሰኔ ላይ ዝናብ ገብቶ መስኖ ሲቆም የነዳጅ መዝጊያውን ዘግተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት። ታንኩንና የካርቡራተሩን ጽዋ ያፍስሱ። ከዚያ ገመዱን ጠንከር ብሎ እስኪይዝ ስበው እዚያው ይተዉት፤ ቫልቮቹ ስለሚዘጉ የክረምቱ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።